ትልቅ ፊደልና ትልቅ ሰው፦ ስለ ካፒታል ፊደል አስተማመር ከ«አያ ጅቦ» የሚገኝ ትምህርት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ተቈጥሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚታለፍ፣ ነገር ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ድረስ ስሕተቱ ሳይታረም ከተማሪው ጋር አብሮ የሚጓዝ ርእስ ቢኖር የካፒታል ፊደል አጠቃቀም ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ፣ ሕፃኑ ገና የአማርኛውን ገበታ ቈጥሮ ሳይጨርስ «ትልልቁን ኤቢሲዲ» ከ«ትንንሹ ኤቢሲዲ» ለይቶ እንዲያውቅ ይጠየቃል። መልካቸውን ለመለየት ብዙ አይቸገርም። የትኛው የት እንደሚገባ ግን ኮሌጅ ከገባም በኋላ በግምት የሚሠራው ሥራ ሆኖ ይቈያል።

ጉዳዩን በጥሞና ለመመልከት ያነሣሣው አንድ ተራ የእርማት ሥራ ነው። ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች፣ ማለትም ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከለላ፣ ከአማራ ሳይንትና ከለጋምቦ ለመጡ እጩ መምህራን፣ በየቤታቸው ሲነገር ከሰሟቸው ተረቶች አንዱን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሊያነበው በሚችል እንግሊዝኛ እንዲጽፉ የቤት ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ከመካነ ሰላም ከተማ አቅራቢያ የመጣ አንድ እጩ መምህር የጅብና የአህያ ተረት ጽፎ አቀረበ። በጽሑፉ ውስጥ ጅቡ ሲናገር «አያ ጅቦ» ይለውና ሁለቱንም ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ከሦስት መስመር በኋላ ገበሬው ከሩቅ ሲያየው ግን «ዘ ሃይና» ብሎ በትንሽ ፊደል ይጽፋል። አራሚው «ወጥነት ይጐድለዋል» የሚል ማስታወሻ ጽፎ ሁለት ነጥብ ቀነሰ። ያ አራሚ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነበር።

ወረቀቱ በተመለሰ ማግሥት ልጁ ወደ ቢሮ መጣ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህችን አልተረዳኋትም» አለ። ምኑ እንዳልገባው ሲጠየቅ፣ «አያ ጅቦ እኮ ስሙ ነው። ጅቡ ያልኩት ግን ስሙን ጠርቼ አይደለም፤ ጅብ መሆኑን ነው የተናገርኩት» ሲል መለሰ። በዚያች ቅጽበት የተሰጠው መልስ «ለማንኛውም አንዱን አጻጻፍ ምረጥ» የሚል ነበር። የመልሱን ስሕተትነት ለመገንዘብ የፈጀው ጊዜ አንድ ሌሊት ነው፤ ነጥቡም ተመልሶለታል። ልጁ የተናገረው አጭር ዐረፍተ ነገር ግን ከነጥቡ የሚበልጥ ቁም ነገር ስለያዘ፣ ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቀው የሚገባ አንድ ችግር አለ፤ በግዕዝ ፊደል በሚታተም ገጽ ላይ ካፒታል ፊደልን ማሳየት ስለማይቻል፣ ጽሑፉ «በትልቅ ፊደል»፣ «በትንሽ ፊደል» እያለ በቃል ከመግለጽ ሌላ አማራጭ የለውም።

የቀሩት ወረቀቶች ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ተነበቡ። ስሕተቶቹ እንዲያው የተበታተኑ አልነበሩም። በዐረፍተ ነገር መካከል በትልቅ ፊደል ተጀምረው የተገኙት ቃላት «መምህር»፣ «እናት»፣ «ቄስ»፣ «ሼህ»፣ «መንግሥት»፣ «ትምህርት ቤት» የሚል ትርጉም ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። በአንጻሩ በትንሽ ፊደል የተጻፉት የእረኛው ልጅ ስም፣ የውሻው ስም፣ የመንደሩ ስም ናቸው። «እኔ» የሚለው የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም፣ ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል መጻፍ ሲገባው፣ በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ አንሶ ተገኝቷል። ይህን ዝርዝር በዝግታ ለሚያነብ ሰው ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ተማሪዎቹ ካፒታል ፊደልን የክብር ምልክት አድርገው ወስደዋል። ክብር ለሚገባው ትልቁን ሰጥተዋል፤ እረኛውን፣ ውሻውንና ራሳቸውን ትንሹ ላይ አስቀምጠዋል። በጨዋ ደንብ ያደገ ሰው «እኔ» ሲል ራሱን ከፍ አድርጎ እንዲጽፍ የሚያዝዝ ቋንቋ ሲያጋጥመው መደናገሩ የሚያስወቅሰው አይደለም።

ለዚህ መሳሳት በከፊል ተጠያቂው መጠሪያው ራሱ ይመስላል። በአማርኛ «ትልቅ ሰው» ማለት በዕድሜው፣ በማዕርጉ ወይም በምግባሩ የሚከበር ሰው ነው። መምህሩ «የሰው ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል» ብሎ ሲያስተምር፣ ተማሪው የሚሰማው ትልቅነት የሚለውን ነው። «ካፒታል» የሚለው የውጭ ቃል ቢያንስ ይህን ትርጉም አያስከትልም፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ቃላት የተሠራባቸው ልማዱን በአንድ ጊዜ ማስቀረት ስለማይቻል ነው።

ከመጠሪያው በስተጀርባ ደግሞ የቈየ የጽሕፈት ልማድ አለ። የግዕዝ ፊደል እንደ ዐረብኛው፣ እንደ ዕብራይስጡና እንደ ሕንዱ ዴቫናጋሪ ሁሉ ትልቅና ትንሽ የሚባል ጥንድ መልክ የለውም። ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒዩተር የፊደላት ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝን ሲጨምር ለእያንዳንዱ ሆሄ የመደበው አንድ መልክ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ጸሐፊዎቻችን ከፍ ያለውን ስም ከሌላው ለይተው የሚያሳዩበት መንገድ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በብራና መጻሕፍት ላይ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። በአማራ ሳይንት እንደሚገኘው እንደ ተድባበ ማርያም ባሉ ጥንታውያን አድባራት አካባቢ ያደገ ልጅ፣ አንድ ስም ከሌሎቹ ቃላት ተለይቶ በቀይ ሲጻፍ ክብሩን እንደሚያመለክት ሳይነገረው ያውቃል። በእስልምናው በኩል ያለው የወሎ የጽሕፈት ባህል ደግሞ፣ ዐረብኛውም ሆነ በዐረብኛ ፊደል የሚጻፈው የአማርኛ ዐጀሚ፣ ክብርን በፊደል መጠን አያሳይም፤ ከነቢዩ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የምርቃት ቃል ግን ስሙን ከሌሎች ስሞች ይለየዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የመጣው ተማሪ ወደ ክፍል የሚገባው «ተለይቶ የተጻፈ ስም የተከበረ ስም ነው» የሚል ያልተነገረ ሕግ ይዞ ነው።

ይህ ሕግ በራሱ እንግዳ አለመሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ጀርመንኛ «እርስዎ» የሚለውን ተውላጠ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ በትንሽ ሲጻፍ «እነሱ» ወይም «እሷ» ይሆናል። በመስኮብኛም ደብዳቤ ሲጻፍ ለአንድ ሰው የሚሰጠው የአክብሮት ተውላጠ ስም በትልቅ ፊደል መጻፍ የተለመደ ነው። ተማሪዎቻችን የሠሩት ስሕተት በበርሊን ወይም በሞስኮ ስሕተት ላይሆን ይችል ነበር ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን «አንተ»ንና «እርስዎ»ን በአንድ ቃል የሚጠራ፣ ያንንም ቃል ለንጉሥም ሆነ ለእረኛ በትንሽ ፊደል የሚጽፍ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የካፒታል ፊደል ዋና ሥራ፣ ከዐረፍተ ነገር መጀመሪያ በስተቀር፣ ቃሉ የተጸውዖ ስም መሆኑን ማመልከት ነው። እረኛውም ስም አለው፤ ውሻውም ስም አለው፤ ስለዚህ ትልቁን ፊደል ያገኛሉ። መምህሩ «መምህሩ» ተብሎ ከተጠራ ስሙ አልተጠራምና ትንሹን ያገኛል።

እዚህ ላይ አማርኛ ለተማሪው ሊሰጠው የሚችለው እርዳታ በማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ የሚያሳዝን ነው። አማርኛ ስምን ከስያሜ፣ ክብርንም ከስም የሚለይበት መሣሪያ በፊደሉ ላይ የለም እንጂ በሰዋስው ውስጥ አለ፤ ያውም ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ አስቀምጦ ነው። የተጸውዖ ስምነትን የሚያሳዩት «ኡ» የሚለው የእምርነት ቅጥያና «ን» የሚለው የተሳቢ ቅጥያ ናቸው። «ተስፋ አየሁ» እና «ተስፋን አየሁ» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለ ትምህርት ይለያቸዋል። በመጀመሪያው ነገሩ መሻሻል አሳይቷል፤ በሁለተኛው ተስፋ የሚባል ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቷል። «ጅብ አየሁ» ይባላል፤ «ጅቡን አየሁ» ይባላል፤ «ከበደ አየሁ» ግን አይባልም፤ የግድ «ከበደን» መሆን አለበት። በአንጻሩ «ጅቡ» እንደሚባል «ከበደው» አይባልም። እንግዲህ «ኡ»ን የማይቀበልና ተሳቢ ሲሆን «ን»ን የግድ የሚፈልግ ቃል የተጸውዖ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛም ትልቁ ፊደል የሚገባው ነው። ክብርን የሚያሳየው ደግሞ ግሡ ነው፤ «አለ» እና «አሉ»፣ «መጣ» እና «መጡ»። «ንጉሡ መጡ» ስንል ስሙ በ«ኡ» የወል ስም ሆኗል፤ ግሡ ግን አክብሮታል። በእንግሊዝኛ ይህ ንጉሥ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ክብሩ ስለ ተነሣበት ሳይሆን ስሙ ስላልተጠራ ነው።

የማዕርግ ስሞችን በዚህ መለኪያ ስንመዝናቸው ነገሩ የበለጠ ይጠራል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ ስንል «ንጉሥ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ «ኡ»ን አይቀበልም፤ በእንግሊዝኛ በትልቅ ፊደል ይጻፋል። «ንጉሡ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸነፉ» ስንል ግን ያው ቃል ትንሹን ፊደል ይዞ ይቀርባል። «ደጃዝማች እገሌ» እና «ደጃዝማቹ»፣ «ቄስ እገሌ» እና «ቄሱ»፣ «ሼህ እገሌ» እና «ሼሁ» ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ጃንሆይ» የሚለው ቃል ለብቻው ቆሞ «ጃንሆይን አየሁ» እንጂ «ጃንሆዩን አየሁ» ስለማይባል፣ ማዕርግ መሆኑ ቀርቶ ስም ሆኗል ማለት ይቻላል። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር የመሳፍንቱም ማዕርጎች አብረው ተሻሩ፤ «ጓድ» በቦታቸው ገባ። የክብሩ ይዘት ፈጽሞ ተለወጠ፤ ሰዋስዋዊ ጠባዩ ግን አልተለወጠም፤ «ጓድ እገሌ» ከስም ጋር፣ «ጓዱ» ወይም «ጓዶች» ያለ ስም። ዛሬ ለማንኛዋም ያገባች ሴት የምንለው «ወይዘሮ» በድሮ ዘመን የንጉሣውያን ትውልድ መጠሪያ ነበር። ማዕርግ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አገባቡ ግን በቦታው ይቈያል።

የዝምድና መጥሪያዎች ለትምህርት ከማዕርጉም የበለጠ ይመቻሉ፤ ሕፃኑ በየዕለቱ ይናገራቸዋልና። «አባቴ መጣ» እና «አባባ መጣ» አንድን ሰው ሊያመለክቱ ይችላሉ። በመጀመሪያው ባለቤትነትን የሚያሳይ ቅጥያ አለ፤ በሁለተኛው የለም፤ «አባባ» ራሱ እንደ ስም ቆሟል። በእንግሊዝኛም «የእኔ» የሚለው ቃል ከቀደመው አባት በትንሽ ፊደል፣ ብቻውን ሲጠራ ግን በትልቅ ፊደል ይጻፋል። የሰዋስው መጻሕፍት ይህን ከአስቸጋሪ ሕጎች መካከል ይቈጥሩታል፤ የወሎ ልጅ ግን መልሱን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩትን፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉትን አባባ ተስፋዬን ማንሣት ይቻላል። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ነበር፤ አገር ያወቃቸው ግን «አባባ» ከስማቸው ጋር ተዋሕዶ ነው። «አባባ» በእርሳቸው ላይ የስማቸው አንድ ክፍል ስለሆነ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ትልቁን ፊደል ማግኘቱ አያጠያይቅም።

ይህ መለኪያ በሁሉም ቦታ ይሠራል ብሎ መናገር ግን ሐቅን ማዛባት ይሆናል። ብርሃኑ፣ አበባው፣ ጌጡ የሚባሉት ስሞች ከመጀመሪያውም ቅጥያውን ይዘው የተሰየሙ በመሆናቸው «ብርሃኑ ጠፋ» የሚለው ዐረፍተ ነገር መብራት ይሁን ሰው ይጥፋ አይለይም። (ትልቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ሊቅ ስማቸው ደስታ መሆኑ፣ «ደስታ» የሚለውን ቃል በራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ሲፈቱ ምን ተሰምቷቸው ይሆን ያሰኛል።) ከዚህም ሌላ የሳምንቱ ቀናት፣ የወራት፣ የቋንቋዎችና የሕዝቦች ስሞች በእንግሊዝኛ በትልቅ ፊደል ሲጀምሩ፣ በአማርኛ «አማርኛ ተማርኩ» ያለ «ን» ይባላል፤ «ኢትዮጵያዊው» እያልንም ቅጥያውን እንጨምራለን። እነዚህ በዝርዝር ተይዘው በቃል ከመጠናት ሌላ መንገድ የላቸውም። በሌላ በኩል አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚታመንበት ጊዜም አለ። እንግሊዝኛ በወንዝ ስም ፊት «ዘ» የሚለውን መስተአምር ስለሚያስቀምጥ፣ «ዘ ካለ ትንሽ ፊደል ነው» ብሎ የተማረ ልጅ ዐባይን በትንሽ ፊደል ይጽፋል። «ዐባዩ» እንደማይባል፣ «ዐባይን ተሻገርኩ» እንጂ «ዐባይ ተሻገርኩ» እንደማይባል ያስተዋለ ልጅ ግን አይሳሳትም፤ ከቦረናና ከወግዲ በስተምዕራብ ያለውን ቈላ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ይህን ስም አሳምሮ ያውቀዋል።

ወደ አያ ጅቦ እንመለስ፤ ልጁ ትክክል የነበረው በዚህ ምክንያት ነውና። በተረት ውስጥ «ጅብ» የሚለው የዝርያ ስም ሁለት ለውጥ ይደረግበታል። «አያ» የሚል የታላቅ ወንድም መጥሪያ ከፊቱ ይቀመጣል፤ ቃሉም «ጅቦ» ተብሎ እንደ ሰው ስም ይቈላመጣል። ጦጣም እንዲሁ «እመት ጦጢት» ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ «አያ ጅቦው» የሚል የለም፤ «አያ ጅቦን አታለለችው» ይባላል እንጂ «አያ ጅቦ አታለለች» አይባልም። እንስሳው ከነዝርያው ስም ወደ ተጸውዖ ስም ተሻግሯል። አስደናቂው ነገር ግን ግሡ ነው። ተራኪው «አያ ጅቦ አለ» ይላል፤ «አሉ» አይልም። አንበሳ በፍርድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አራዊቱ ብዙውን ጊዜ «እርስዎ» እያሉ ይለምኑታል፤ ተራኪው ግን እርሱንም «አለ» ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ አያ ጅቦ መጥሪያ አለው፤ ስም አለው፤ ክብር ግን የለውም። ትልቅ ፊደል የሚገባው፣ ትልቅ ሰው ያልሆነ ፍጡር ነው። ስምነትና ክብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በየትኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ያዳግታል።

በተረት መጻሕፍትና በማስተማሪያ ጽሑፎች አዘጋጆች ላይ የሚሰነዘረው ዋናው ሂስም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ተረቶቻችን ለትምህርት ቤት ሲታተሙ ብዙ ጊዜ «አያ ጅቦ» ወደ «ጅቡ» ይለወጣል፤ ቋንቋውን «ለማስተካከል» ታስቦ ይሆናል። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ደግሞ «ሚስተር ሃይና» ይሆንና፣ ከእንግሊዝኛው ተመልሶ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ሰው «አቶ ጅብ» ብሎ ይጽፈዋል። «አቶ» የመሥሪያ ቤት መጥሪያ ነው፤ ቅርበት የለውም። «አያ» ግን ጅቡን ከቤተ ሰቡ መካከል ያስቀምጠዋል፤ የተረቱ ሥጋትና ሣቅ የሚመጣው ሥጋ በል አውሬ እንደ ታላቅ ወንድም በመጠራቱ ነው። ይህን መጥሪያ ማንሣት ተረቱን ከማደብዘዙም በላይ፣ ተማሪው ስምንና ዝርያን በራሱ ቋንቋ ሊለይበት የሚችለውን ምልክት ያጠፋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛም ቢሆን «አያ ጅቦ» እንዳለ ተወስዶ፣ ሁለቱም ቃላት በትልቅ ፊደል ቢጻፉ ይመረጣል፤ እጩ መምህሩ እንዳደረገው ማለት ነው።

በዓለም ላይ የሌሉ፣ ደራሲ ወይም ተረት የፈጠራቸው ፍጡራንስ እንዴት ይጻፋሉ? ከወረቀቶቹ መካከል ሦስቱ የጭራቅ ተረት ስለነበሩ ጥያቄው በተግባር የመጣ ነው። ጭራቅ በተረቶቻችን ውስጥ «አያ» ወይም «እመት» ተብሎ ሲጠራ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አልሰማም። «ጭራቁ» ይባላል፤ «ጭራቆች» ይባላል፤ ሰው የሚበላ በመሆኑ ብቻ ትልቅ ፊደል አይገባውም። አንዲት እጩ መምህርት ግን በትልቅ ፊደል ጽፋው ነበር። ስትጠየቅ «በዓለም ላይ የሌለ ስለሆነ» ብላ መለሰች። መልሷ ከውጭ ደራስያን አሠራር አንጻር ሲታይ ከንቱ አይደለም። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ባሳተመው የጉሊቨር ጉዞ ውስጥ «ያሁ» የተባሉትን ሰው መሳይ እንስሳትና «ሁዊንም» የተባሉትን አስተዋይ ፈረሶች በትልቅ ፊደል ይጽፋቸዋል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አታሚዎች ብዙውን የወል ስም በትልቅ ፊደል ይጀምሩ ነበር፤ ያ ልማድ ከቀረ በኋላ በወጡት እትሞችም ግን ሁለቱ ስሞች ትልቁን ፊደል እንደያዙ ናቸው፤ እንደ ሕዝብ ስም ተቈጥረዋልና። «ያሁ» ከመጽሐፉ ወጥቶ ባለጌ ሰውን መስደቢያ በሆነ ጊዜ ግን ወደ ትንሹ ፊደል ወረደ። ቶልኪን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ታሪክ ሆቢት የተባለውን ዝርያ በትረካው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ፊደል ይጽፋል፤ ሆቢቱ የራሱ ስም አለው፤ ዝርያውም እንደ በግና እንደ ፍየል ተቈጥሯል። እንግዲህ ጥያቄው ፍጡሩ አለ ወይስ የለም የሚለው አይደለም። ደራሲው እንደ ሕዝብ ወይስ እንደ እንስሳ ቈጠረው የሚለው ነው። የእኛ ተረት ጭራቅን ከአውሬ ጋር መድቦታል።

ከሁሉ አስቸጋሪው የሉዊስ ካሮል አሊስ ነው። ጥንቸሉ «ዘ» የሚለውን መስተአምር ከነትልቁ ፊደል ይዟል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ መሠረት ስሙም ዝርያውም በአንድ ጊዜ ተጠርተዋል። አማርኛ ተርጓሚ «ነጩ ጥንቸል» ቢል የወል ስም ሆኖ ይቀራል፤ «አያ ጥንቸል» ቢል ነጭነቱ ይጠፋል፣ የወሎም ዘመድ ይሆናል። ለዚህ ጥሩ መፍትሔ እስካሁን አልተገኘም፤ የክፍል ውስጥ ክርክር ለማስነሣት ግን እጅግ ጠቃሚ ምሳሌ ነው።

ስለ ዝርያ ስሞች ከተነሣ ዘንድ በመካነ ሰላም አካባቢ ካለው ከቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አንድ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። በፓርኩ ውስጥ ጭላዳ ይገኛል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ለዚህ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ የአገሩን መጠሪያ ወስዶ «ጌላዳ» አለው። በሳይንሳዊ አሰያየም ደንብ የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል፣ የዝርያው ስም በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ስለዚህ የእኛ ቃል ወደ ላቲኑ የገባው በትንሹ በኩል ነው። ከዚህ ይልቅ ለክፍል የሚጠቅመው ድኩላው ነው። በፓርኩ የሚኖረው ድኩላ በእንግሊዝኛ በምኒልክ ስም ይጠራል፤ የምኒልክም ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። በሳይንሳዊ ስሙ መጨረሻ ላይ ግን ያው የንጉሠ ነገሥቱ ስም «ሜኔሊኪ» ሆኖ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ያቀረበ መምህር ተማሪዎቹ በመገረም ሲያጕረመርሙ ይሰማል። ካፒታል ፊደል ክብርን የሚለካ ቢሆን ኖሮ ድኩላው ይህን በደል በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ባልፈጸመ ነበር።

ለሥርዐተ ትምህርት ሥራ ከዚህ የሚወጣው አሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የካፒታል ፊደል ትምህርት ከሕግ ዝርዝር ሳይሆን ከአማርኛ ዐረፍተ ነገር ቢጀምር፤ ተማሪው «ኡ» እና «ን»ን በራሱ አንደበት ከፈተነ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ቢሻገር። ለዚህ አንድ የአያ ጅቦ ተረትና አንድ ሰሌዳ ይበቃሉ። በአንጻሩ ከተማሪው ዓይን ፊት በየቀኑ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ማለትም በመካነ ሰላምም ሆነ በሌሎች ከተሞች በሱቆችና በመሥሪያ ቤቶች ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ፣ በአብዛኛው ከዳር እስከ ዳር በትልቅ ፊደል የተጻፈ በመሆኑ ልዩነቱን ሊያስተምረው አይችልም። በከሚሴና በአካባቢው አፋን ኦሮሞን በቁቤ የሚማሩ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ካፒታል ፊደልን ስለሚጠቀሙ የእኛን ተማሪዎች ችግር በሙሉ አይጋሩም፤ የሁለቱን ወገን ወረቀቶች ጐን ለጐን አድርጎ የሚመረምር ተመራማሪ ቢገኝ ጠቃሚ ሥራ ይሆናል።

በአማርኛም ካፒታል ፊደል እንፍጠር የሚል አሳብ አልፎ አልፎ በውይይት ላይ ይሰማል። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ እንደሚያሳየው ቋንቋው ሥራውን በሌላ መንገድ እየሠራው ስለሆነ አሳቡ አስፈላጊ አይመስልም። ሕዝቡ ራሱ በብዕሩ የፈጠረው ምልክት እንኳ አለ፤ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር»፣ «ገ/ማርያም»፣ «መ/ሰላም» እያለ በእዝባር የሚያሳጥረው በብዛት ማዕርግንና ስምን ነው። «ት/ቤት» እና «ጽ/ቤት» ባይቀላቀሉበት ኖሮ እዝባርን የአማርኛ ካፒታል ፊደል ነው ለማለት ይቻል ነበር።

የእርማት መመሪያችን ግን መለወጥ አለበት። አሁን ባለው አሠራር ለካፒታል ፊደል የሚሰጠው ነጥብ በጅምላ ይቀነሳል፤ «መምህር»ን በክብር ምክንያት ከፍ ያደረገውም፣ የራሱን ስም ዝቅ ያደረገውም፣ «አያ ጅቦ»ንና «ጅቡ»ን በትክክል የለየውም በአንድ ቀይ መስመር ይታረማሉ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሦስተኛው ጭራሹን ስሕተት አይደለም። አራሚው ነጥብ ከመቀነሱ በፊት ለእያንዳንዱ ምክንያቱን በጠርዙ ላይ በአንድ ቃል እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ሥራው በጥቂቱ ይዘገያል፤ ልጁ ግን ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮ መምጣት አያስፈልገውም ነበር።